የአሥራ ዘጠነኛው ሥዕል ጀርባ

በፍቅር የተያዘ ሰው እንቅልፍ ያጣል፣ ምግብ ያስጠላዋል ይላሉ። ውሸት! እኔ ትራስ ሳገኝ እንደ ድንጋይ ነበር የምተኛው፤ ስበላም የሁለት ሰው ነበር የምበላው። የጠፋብኝ ልኬቴ ነው። ከአሥራ አራት ዓመቴ ጀምሮ በአባዬ የፍሬም መሥሪያ ቤት መስታወት ስቆርጥ አንድ ሚሊሜትር ስቼ የማላውቀዋ ሴትዮ፣ በአንድ ሳምንት ሦስት መስታወት አበላሸሁ። አባዬ ስብርባሪውን እየጠረገ፣ «ምነው ልጄ፣ ዓይንሽን ሐኪም ይየው እንዴ?» አለኝ። ዓይኔስ ደህና ነበር።

ጥፋተኛው ሠዓሊው ነው። መጀመሪያ የመጣ ቀን እጁ፣ የሸሚዙ እጅጌ፣ ሌላው ቀርቶ የግራ ጆሮው ጫፍ ጠቁሮ ስላየሁት፣ «ወንድሜ፣ ከሰል አንገዛም» ብዬ ልሸኘው ነበር። እሱ ግን የያዘውን ትልቅ ማኅደር ከፈተ። በከሰል የተሳሉ ሥዕሎች! አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እሱም አፌን ከፍቼ በመቅረቴ ሳቀ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እኔ «ከሰሌ» አልኩት፤ እሱ ደግሞ ስለካ አይቶኝ፣ ከሚሊሜትር ቆርጦ «ሚሊ» አለኝ።

ሃያ አራት ሥዕል ነበረው። አንድ ላይ ሊያመጣቸው ሲችል በየሳምንቱ ሁለት ሁለት እያደረገ ሲያመላልስ ከረመ። መምጣቱስ ይሁን፤ አይሄድም እኮ! በርጩማ ስቦ ይቀመጥና እኔን ያያል። ቀና ስል ዓይኑን ወደ ጣሪያው ይልካል። ጣሪያችን ደግሞ ዝገት እንጂ ምንም የሚታይ ነገር የለውም። እኔም ብሆን ጨዋ ነኝ አልልም፤ እሱ ጣሪያውን ሲያይ እኔ እሱን አያለሁ።

እናቱ ዳኛ ናቸው። የታወቁ፣ የተፈሩ ዳኛ። እኛ ቤት ዳኛ የሚታወቀው በኳስ ሜዳ ብቻ ነው። አንድ ቀን ሥራውን ሊያዩ መኪናቸውን አስቁመው ገቡና፣ ቦርሳቸውን የሚያስቀምጡበት ንጹሕ ቦታ አጥተው እንዳንጠለጠሉት ወጡ። ያን ዕለት ለራሴ፣ «አንቺ ልጅ፣ ልክሽን እወቂ» አልኩት። ልቤ ግን መቼ ሰምቶኝ!

የመጨረሻውን ሥዕል ሲያመጣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «ይሄኛውን ከሁሉም ቀስ ብለሽ ሥሪው፤ አደራ» አለኝና ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ። ገልጬ ሳየው ሁለት እጆች ናቸው። መስታወት መቁረጫ የጨበጡ፣ አውራ ጣታቸው ላይ ሰያፍ ጠባሳ ያለባቸው እጆች። የራሱን እጅ የማያውቅ ማን አለ? ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ነገ መጥቶ ይነግረኛል አልኩ። ነገም፣ ከነገ ወዲያም፣ በሳምንቱም አልመጣም። ሁሉም ተሠርተው ሲያልቁ እኔ ራሴ ልወስድለት ቀሚስ ሁሉ አስተኩሼ ነበር። ከዚያ ኩራቴ ተነሣብኝ። ብቀርበት ይጠይቀኛል ብዬ በአባዬ ላክሁለት። ሲመለስ፣ «ጠየቀኝ?» ብዬ አባዬን ሰባት ጊዜ ጠየቅሁት። ሰባቱንም ጊዜ «ኧረ ልጄ፣ ፊቱ ልክ አልነበረም፤ አመሰግናለሁ ብቻ ነው ያለኝ» አለኝ። ለካ እጄን እንጂ እኔን አልፈለገም ብዬ መጋዝ እያንጫጫሁ አለቀስኩ።

ሰባት ሳምንት አለፈ። ከዚያ የጥሪ ካርድ መጣ፤ «ለፍሬም መሥሪያ ቤቱ» ይላል። ስሜ እንኳ የለበትም። አልሄድም ብዬ ማልኩ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ያችኑ የተተኮሰች ቀሚስ ለብሼ የጋለሪው በር ላይ ቆሜ ነበር። ልቤ እንዲህ ሲመታ ሰው ይሰማብኝ ይሆን ብዬ ፈራሁ።

*

ወይ ጉድ! ሃያ አራቱንም በእጄ የያዝኳቸው ሥዕሎች ናቸው፤ ግን አላውቃቸውም ነበር። ጠረጴዛ ላይ ተጋድመው ያየኋቸው እዚያ ነጭ ግድግዳ ላይ መብራት ሲያርፍባቸው ሌላ ሆኑ። ዘበኛው ወንበሩ ላይ ተኝቶ፣ ኮፍያው ሊወድቅ ትንሽ ቀርቶት። የልብስ እጥበት ቤት ሴቶች በእንፋሎት ውስጥ፣ ከወገብ በታች ጠፍተው። ሁለት ሜትር የሚሆነው ደግሞ ያላለቀ ፎቅ ነው፤ ከአራተኛው ወለል አንድ ብየዳ ሠራተኛ ብልጭታ ይረጫል። ያ ብልጭታ በላጲስ የተሠራ ነው። እሱ እንዲህ ነው የሚስለው፤ መጀመሪያ ወረቀቱን በሙሉ ያጠቁረዋል፣ ከዚያ ብርሃኑን እየፋቀ ያወጣዋል።

አንድ ወፍራም ሰውዬ ጭማቂውን እንደያዘ ወደ ብየዳው ተጠግቶ፣ «ዓይን ያጠፋል እኮ!» ሲል ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ወዲያው ደግሞ እንባዬ መጣ። እዚያ ሁሉ ሰው መሀል፣ «ፍሬሙን የሠራሁት እኔ ነኝ! ቀጥ ማለቱን እዩት!» ብዬ መጮኽ አማረኝ። ከደስታው የተነሣ ልወድቅ ነው እያልኩ አሥራ ዘጠነኛው ሥዕል ፊት ደረስኩ። እጆቼ። ከሥራቸው ቀይ ክብ ወረቀት ተለጥፏል፤ ተሸጧል ማለት ነው። እጄን ማን ገዛብኝ?

«እንኳን ደህና መጡ» አለኝ አንድ ድምፅ ከኋላዬ።

ዞርኩ። እሱ ነው። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጆሮውን ሳይቀር ታጥቦ፣ ከስቶ።

«እርስዎ?» አልኩት። «ማንን ነው እርስዎ የምትለው? ከኋላዬ ሰው አለ እንዴ?»

«ከመልስሽ በኋላ አንቺ ማለት ድፍረት መሰለኝ።»

«የምን መልስ?»

«ተይ እባክሽ፣ ሚሊ። ሥዕሎቹን በአባትሽ ስትልኪያቸው ገብቶኛል። አልተቀየምኩሽም። ሰው በግድ አይወደድም።» ድምፁ ተሰበረ። «ደግሞም ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ። ሩቅ አገር ለሁለት ዓመት እንዳስተምር ጠርተውኝ ነበር፤ ፈረምኩ።»

ጆሮዬ ጭው አለ። «አንተ ሰውዬ፣ አማርኛ ነው የምታወራው? ምን ጠይቀኸኝ ነው ምን የመለስኩልህ?»

«ጽፌልሽ ነበር እኮ! ከዚህ ሥዕል ጀርባ። ፍሬም የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጀርባውን አይደለም?»

የፈጣሪ ያለህ! ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ነገር ከጉሮሮዬ ወጣ።

«የዘይት ቀለም ሲሆን ነዋ! የከሰል ሥዕል በፊቱ ይደፋል? አንተ ደግሞ ከሰሉን ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀውን መጠበቂያ፣ ቀለሙን ያደበዝዝብኛል ብለህ አትረጭበትም! እፍ ቢሉት የሚበን ነገር ጠረጴዛ ላይ ብደፋው ግማሹ እዚያ አይቀርም? ፊቱን ወደ ላይ አድርጌ፣ ጠርዙን ብቻ ይዤ፣ ካርቶኑ ላይ ለጥፌ ዘጋሁት። ጀርባውን በዓይኔ አላየሁትም! የአንዱንም አላየሁም!»

ያኔ ፊቱ ላይ የታየውን ነገር በምን ልግለጸው? «አላነበብሽውም?» አለ፣ እንደ ሕፃን ልጅ።

«ምን ብለህ ነው የጻፍከው? ንገረኝ!»

ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ መነጽር ያደረገችው የጋለሪው ኃላፊ ክንዱን ያዘችው። «እንግዶቹ ቆመዋል እኮ! ንግግርህ!» ብላ እየጎተተች ወሰደችው። ሦስት ጊዜ ዞሮ አየኝ። በሦስተኛው ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። እኔ ውስጤ የነበረው ደስታ ነው ወይስ ድንጋጤ፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

*

ሰባት ሳምንት የቆየ ደብዳቤ ንግግር እስኪያልቅ አይቆይም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አይቆይም! ከነገ ወዲያ የሚሄድ ሰው ነው። ምን እንደጠየቀኝ ሳላውቅ ምን ብዬ ልመልስለት?

የኃላፊዋን ረዳት፣ «ይሄ ፍሬም ይከፈትልኝ» ብላት፣ «የተሸጠ ሥዕል ገዢው ካልፈቀደ አይነካም» አለችኝ።

«ገዢው ማን ነው?»

በአገጯ ጠቆመችኝ። እናቱ ናቸው። ዳኛዋ፣ ግራጫ ሹራብ ደርበው፣ ብቻቸውን ቀጥ ብለው የልጃቸውን ንግግር መጀመር ይጠብቃሉ። ቀሚሴን አስተካክዬ ሄድኩ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አሥራ ዘጠኝ ቁጥርን የገዙት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። ምነው?»

«ልከፍተው ፈልጌ ነው። ፍሬሙን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«ጉድለት አለው?»

አዎ ብል ያልቅ ነበር። አቧራ ገብቶበታል፣ አንድ ደቂቃ ብቻ ብል ማን ያውቅብኛል? ግን እንኳን በዳኛ ፊት፣ በሥራዬ ላይ ዋሽቼ አላውቅም።

«የለውም። ሥራዬ እንከን የለበትም። ከጀርባው የእኔ የሆነ ደብዳቤ አለ።»

«ከማን የተጻፈ?»

«ከልጅዎ።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ከዚያ፣ «እጅሽን አሳዪኝ» አሉኝ። ዘረጋሁላቸው። አውራ ጣቴን፣ ሰያፉን ጠባሳ፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን አዩ። እንደገና እጄን አዩ።

«ይሄ ልጅ ሰባት ሳምንት ክፍሉን ዘግቶ ሲከርም፣ ሥራ ነው ይለኝ ነበር» አሉ በቀስታ። «እኔ ደግሞ ይህን ሥዕል የገዛሁት እነዚህን እጆች ወድጄ ነው። የሚሠራ ሰው እጅ ነው ብዬ።»

ምላሴ ቀደመኝ። «የሚወዱት ግድግዳ ላይ ሲሆን ብቻ ነው፣ እትዬ፣ ወይስ ገበታዎ ላይም?»

ወይኔ ጉዴ! ምነው ባልተናገርኩ አልኩ፤ ግን ከአፍ የወጣ አይመለስም። ዳኛዋ ቅንድባቸውን አነሡ።

«ደፋር ነሽ።»

«ፈሪ ነኝ እንጂ። ደፋር ብሆን ኖሮ ሥዕሎቹን ራሴ ነበር የማመጣቸው።»

ይህን እንደሰሙ ቦርሳቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉና ለረዳቷ፣ «አውርዱልን» አሉ። ከፍርሃቴ ይልቅ ተስፋው በለጠብኝ።

*

ከአዳራሹ ጀርባ ያለች ጠባብ ቢሮ ውስጥ ገባን፤ እሳቸውና እኔ ብቻ። ቀጭን ቢላ ከረዳቷ ተቀብያለሁ።

«አስተኚው እንጂ» አሉ ጠረጴዛውን እያሳዩኝ።

«አይተኛም። ቆሞ ነው የሚከፈተው። ይያዙልኝ።»

አዘዝኳቸው! ዳኛዋን! እሳቸውም ቦርሳቸውን ወለሉ ላይ ጣል አድርገው ፍሬሙን በሁለት እጃቸው ቀጥ አድርገው ያዙ። የጀርባውን ወረቀት ቀደድኩ፣ ምስማሮቹን አንድ በአንድ ነቀልኩ፣ ካርቶኑን ከነሥዕሉ አወጣሁ። እጄ ልማዱን ያውቃል። ሥዕሉን ከላይ ከካርቶኑ ጋር የያዙትን ሁለት የወረቀት ልጣፎች በቢላው ቆረጥኩና ወረቀቱን በጠርዙ ይዤ አየር ላይ አቆምኩት። እሳቸው ፊት ለፊቴ ናቸው። በእሳቸው በኩል እጆቹ፣ በእኔ በኩል ደብዳቤው። በእርሳስ የተጻፈ፣ ጥቅጥቅ ያለ።

«ሚሊ፣ ፊትሽ ቁጭ ብዬ ይህን ልናገር አሥራ አንድ ጊዜ ሞክሬ፣ አሥራ አንድ ጊዜ ስለ አየሩ አወራሁ። ስለዚህ አንቺ ብቻ የምታዪው ቦታ ጻፍኩት። እወድሻለሁ። መስታወት ስትቆርጪ ትንፋሽሽን ትይዣለሽ፤ እኔም ሳላውቀው አብሬሽ መያዝ ጀምሬያለሁ። ለሁለት ዓመት ሩቅ አገር ተጠርቻለሁ። ሳልነግርሽ መሄድ አልችልም። ሳትወጂኝ ደግሞ ጠብቂኝ ማለት አይገባኝም። የምትወጂኝ፣ የምትጠብቂኝም ከሆነ ሥዕሎቹን ራስሽ ይዘሽልኝ ነይ። ካልሆነ በአባትሽ ላኪልኝ፤ ይገባኛል፤ ሁለተኛ አላስቸግርሽም። እጆችሽን ሳላስፈቅድሽ ስለሳልኩ ይቅርታ።»

አንዴ አነበብኩት። ደገምኩት። እንባዬ ወረቀቱ ላይ እንዳይወድቅ አንገቴን ወደ ኋላ ቀልብሼ ጣሪያ ሳይ፣ ዳኛዋ፣ «አንብቢልኝ» አሉ።

«የእኔ ነው፣ እትዬ።»

«ልክ ነሽ» አሉ። «ሁለት ዓመት ቁጭ ብለሽ ልትጠብቂው ነው?»

«ቁጭ ብዬማ አልጠብቅም። እየሠራሁ እጠብቃለሁ።»

«እኔ እሺ አላልኩም።»

«አውቃለሁ።»

«እምቢም አላልኩም። እናትነት አለ፣ ዘመድ አለ፣ ያሰብኩት ነገር ነበረኝ። ይህን ጉዳይ በአንድ ቀን አልወስንም፤ ሌላ ቀጠሮ እሰጣለሁ።» ከዚያ ወረቀቱን በጠርዙ፣ ልክ እኔ እንደያዝኩት፣ በጣታቸው ጫፍ ተቀበሉኝ። «ምን ትገተሪያለሽ? ልጁ ንግግሩን ሊጨርስ ነው፤ ሂጂ እንጂ!»

እጃቸውን ልሳም ብዬ ጎንበስ ስል፣ «ሥዕሉን ታበላሺዋለሽ!» ብለው ጮኹብኝ። እንዲህ የሚያስደስት ቁጣ ማንም ተቆጥቶኝ አያውቅም።

*

አዳራሹ ጸጥ ብሏል። እሱ አንዲት ደረጃ ላይ ቆሞ ያመሰግናል፤ አስተማሪዎቹን፣ ጋለሪውን፣ እንግዶቹን፤ ድምፁ ቁጥር እንደሚያነብ ሰው ነው። ሰውን በትከሻዬ እየገፋሁ፣ ይቅርታ፣ ይቅርታ እያልኩ ገባሁ።

«በመጨረሻም ፍሬሞቹን የሠራችልኝን...» አለና ቀጥ አለ። መናገር አቃተው። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ኃላፊዋ ውኃ ልታቀብለው ስትል፣ እኔ ከሕዝቡ መሀል፣ «እሺ!» አልኩ።

ቀስ ብዬ ልለው ነበር ያሰብኩት። እንደ መዶሻ ነው የወጣው። መቶ ሰው ወደ እኔ ዞረ። ያ ወፍራም ሰውዬ፣ «ምኑን ነው እሺ ያለችው?» ብሎ ጎረቤቱን ሲጠይቅ ሰማሁት።

«ሁለቱንም!» አልኩ፣ ለሰውዬውም ለእሱም። «መውደዱንም፣ መጠበቁንም! በአባዬ የላክሁት ኩራተኛ ስለሆንኩ እንጂ ስላልወደድኩህ አይደለም። አሁን ነው ያነበብኩት። አሁን፣ እዚያ ጓዳ ውስጥ!»

ከደረጃው ሲወርድ አላየሁትም። ፊቴ ቆሞ ነው ያገኘሁት። ጣቶቼ በከሰል ጠቁረው ነበርና ሸሚዙን እንዳልነካው እጄን ወደ ኋላ ስሰበስብ፣ ሁለቱንም ይዞ ደረቱ ላይ ለጠፋቸው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት! ኋላ ላይ የሆነ ሰው አጨበጨበ፤ ከዚያ ሁሉም አጨበጨቡ። እኔ ከእጆቼ ሥር የልቡን ምት እቆጥር ነበር።

«ሰባት ሳምንት» አለኝ እያለቀሰ፣ እየሳቀም። «ሰባት ሳምንት ሙሉ እኮ፣ ሚሊ...»

«ዝም በል! እኔስ? የረሳኸኝ መስሎኝ ስኖር?»

«እሄዳለሁ እኮ። ፈርሜያለሁ።»

«ሂድ! ማን አትሂድ አለህ? ሄደህ አስተምረህ ትመጣለህ። ደብዳቤ ግን ከሥዕል ጀርባ አትጻፍልኝ፤ ፖስታ ቤት አለ!»

እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ግንባሩን ግንባሬ ላይ አሳረፈና በሹክሹክታ፣ «ድገሚልኝ» አለኝ።

«ምኑን?»

«ያልሽውን።»

«እሺ» አልኩት።

«አልሰማሁም።»

«እሺ።»

«እንደገና።»

ሁለት ቀን ብቻ እንደቀረን አውቃለሁ፤ እናቱ ከበሩ ሆነው እያዩን እንደሆነ፣ ገና እንዳልፈቀዱም አውቃለሁ። እሱ ድገሚልኝ ባለ ቁጥር ግን ደገምኩለት፤ ድምፄ እየተቆራረጠ፣ ደጋግሜ እሺ አልኩት።